ቅድመ ስኳርና የአካል እንቅስቃሴ፦ በባሕር ዳርና በጣና ዳርቻ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የደም ስኳራቸው ከጤናማው ልክ ከፍ ያለ፣ ነገር ግን ስኳር ሕመም ያልተባለ ሰዎች ስለ እንቅስቃሴ ደጋግመው የሚያነሷቸው ጥያቄዎች ከመሠረታዊው ወደ አስቸጋሪው ተደርድረው ቀርበዋል።

ቅድመ ስኳር ምንድን ነው? ውጤቴ ስንት ሲሆን ነው እንዲህ የሚባለው?

ቅድመ ስኳር የሚባለው በደም ውስጥ ያለው የስኳር መጠን ከጤናማው በላይ ሆኖ፣ ስኳር ሕመም ለማለት ከሚያበቃው ልክ ግን በታች ሲገኝ ነው። ቢያንስ ለስምንት ሰዓት ምግብ ሳይቀመስ በሚደረግ ምርመራ ከ100 እስከ 125 ሚሊግራም በዴሲሊትር፣ ወይም ያለፉትን ሁለትና ሦስት ወራት አማካይ በሚያሳየው በኤችቢኤዋንሲ ምርመራ ከ5.7 እስከ 6.4 በመቶ ያገኘ ሰው በዚህ ክልል ውስጥ ነው። በባዶ ሆድ 126 እና ከዚያ በላይ፣ ወይም በኤችቢኤዋንሲ 6.5 እና ከዚያ በላይ ሲሆን ስኳር ሕመም ይባላል፤ ምልክት በሌለበት ሰው ላይ ግን ምርመራው ሳይደገም አይወሰንም።

የዓለም ጤና ድርጅት የባዶ ሆዱን መነሻ ከ110 ስለሚቆጥር፣ 104 ወይም 107 ያገኘን ሰው አንዱ ባለሙያ «ደህና ነዎት» ሌላው «ይጠንቀቁ» ሊለው ይችላል። ሁለቱም የተለያየ መስፈርት እየተጠቀሙ እንጂ አንዳቸው ተሳስተው አይደለም፤ ከዚህ በታች ያለው ምክር ደግሞ ለሁለቱም ዓይነት ውጤት ይሠራል።

ምንም አላመመኝም። ታዲያ ለምን ተንቀሳቀስ እባላለሁ?

ትልቁ እንቅፋት ይኸው አለማመሙ ነው። ጥርሱን ወይም ወገቡን ያመመው ሰው ማንም ሳይነግረው ሐኪም ቤት ይሄዳል፤ ቅድመ ስኳር ግን አያሳክክም፣ አያቃጥልም፣ ከሥራ አያስቀርም። ብዙ ሰው ውጤቱን የሚያውቀው ለሌላ ጉዳይ፣ ለምሳሌ ለግፊት ክትትል በሄደበት አጋጣሚ ስለሆነ፣ የላቦራቶሪውን ወረቀት አጣጥፎ ኪሱ ከትቶ ወደ ጉዳዩ ይመለሳል።

በሰውነት ውስጥ ግን የሚካሄድ ነገር አለ። ከምግብ የሚገኘውን ስኳር አብዛኛውን የሚወስደው ጡንቻ ሲሆን፣ ስኳሩን እንዲያስገባ የሚያዝዘው ኢንሱሊን ነው። ቅድመ ስኳር ባለበት ሰው ጡንቻ ለዚህ ትእዛዝ በቀላሉ አይታዘዝም፤ ጣፊያ ሳይሆን ቆሽት የሚባለው አካል ብዙ ኢንሱሊን እያመነጨ ጉድለቱን ለዓመታት ይሸፍናል፣ በመጨረሻ ግን ይደክማል። እንቅስቃሴ የሚረዳው በሌላ በኩል ገብቶ ነው። በሥራ ላይ ያለ ጡንቻ ያለ ኢንሱሊን ትእዛዝም ስኳርን ከደም ይስባል፤ እንቅስቃሴው ካለቀ በኋላም ከአንድ ቀን እስከ ሦስት ቀን ለሚሆን ጊዜ ለኢንሱሊን የተሻለ ይታዘዛል።

ይህ በሰዎች ላይ ተፈትኗል። በቻይና ዳቺንግ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1986 በተጀመረውና 577 ሰዎች በተሳተፉበት ጥናት፣ እንቅስቃሴ ብቻ እንዲያደርጉ በተመደቡት ላይ በስድስት ዓመት ውስጥ በስኳር ሕመም የመያዝ ዕድል በ46 በመቶ ቀንሷል። እ.ኤ.አ. በ2002 ውጤቱ በወጣው፣ 3,234 ሰዎችን በያዘው የአሜሪካ ጥናት ደግሞ በሳምንት 150 ደቂቃ መንቀሳቀስንና ከሰውነት ክብደት 7 በመቶ መቀነስን ግብ ያደረገው ቡድን ዕድሉን በ58 በመቶ ሲቀንስ፣ ሜትፎርሚን የተባለውን ክኒን የወሰደው ቡድን በ31 በመቶ ቀንሷል። በዚያ ጥናት በእግርና በምግብ የተገኘው ውጤት በክኒን ከተገኘው በልጧል ማለት ነው።

ስንት ደቂቃ? በምን ፍጥነት?

በሳምንት 150 ደቂቃ፣ ማለትም በአምስት ቀን ሠላሳ ሠላሳ ደቂቃ፣ የተለመደው መነሻ ግብ ነው። ፍጥነቱን ለማወቅ መሣሪያ አያስፈልግም፦ እየተራመዱ ከአጠገብዎ ካለው ሰው ጋር ማውራት ከቻሉ፣ ማዜም ግን ትንፋሽ የሚያሳጥርዎ ከሆነ ፍጥነቱ ትክክል ነው። ለብዙ ሰው ይህ በደቂቃ ወደ 100 እርምጃ ይሆናል። ሠላሳ ደቂቃውን በአንድ ጊዜ ማድረግ ግዴታ አይደለም፤ ዐሥር ዐሥር ደቂቃ ሆኖ ሦስት ጊዜ ቢከፈልም ይቆጠራል።

ከደቂቃው ድምር ይልቅ ሰው የሚዘነጋው ክፍተቱን ነው። የጡንቻው ታዛዥነት በሁለትና በሦስት ቀን ውስጥ ስለሚጠፋ፣ እሑድ ጠዋት ማስ ስፖርት ላይ ሁለት ሰዓት ሮጦ እስከ ሚቀጥለው እሑድ የሚቀመጥ ሰው የሳምንቱን አጋማሽ ያለ ጥቅም ያሳልፋል። በተከታታይ ሁለት ቀን ከመዝለል አለማለፍ የተሻለ ደንብ ነው።

ቀኑን ሙሉ ስሠራ ነው የምውለው። ይህ አይቆጠርም?

አንዳንዱ ይቆጠራል፣ አንዳንዱ አይቆጠርም፤ ድካምና እንቅስቃሴ አንድ አይደሉም። በቅዳሜ ገበያ በርበሬና ቅመም የምትሸጥ ሴትን ብንመለከት፣ ከማለዳ እስከ ማታ በዱካ ላይ ተቀምጣ፣ የምትነሣው ሚዛን ለማስተካከል ወይም ከኋላዋ ካለው ማዳበሪያ ለመጨመር ብቻ ነው። ማታ ወገቧ ተቆርጦ፣ እግሯ አብጦ ቤቷ ትገባለች፤ በእርግጥም ደክማለች። ጡንቻዋ ግን ብዙ ስኳር አላቃጠለም። የባጃጅ ሹፌር፣ የባንክ ሠራተኛ፣ ልብስ ሰፊና ጥበቃም እንዲሁ ናቸው። በአንጻሩ የቀን ሠራተኛ፣ ማሳ ላይ የሚውል ገበሬ፣ ውኃ ከሩቅ የሚቀዳ ሰው ከተባለው 150 ደቂቃ በላይ በአንድ ቀን ሊያሟላ ይችላል።

የቤት ውስጥ ሥራም እንደ ዓይነቱ ነው። ልብስ በእጅ ማጠብ፣ ግቢ መጥረግ፣ ዕቃ ተሸክሞ ደረጃ መውጣት ትንፋሽ ከጨመረ ይቆጠራል፤ ቡና ማፍላትና ሽንኩርት መክተፍ ግን፣ ጊዜ ቢወስዱም፣ ተቀምጦ የሚሠራ ሥራ ናቸው። ተቀምጦ ለሚውል ሰው ከዋናው የእግር ጉዞ በተጨማሪ በየሠላሳ ደቂቃው ተነሥቶ ለሁለትና ለሦስት ደቂቃ መንቀሳቀስ ከምግብ በኋላ የሚወጣውን ስኳር ዝቅ ያደርጋል። ለገበያተኛዋ ይህ ማለት ገንዘብ ለመዘርዘር ልጅ ከመላክ ይልቅ ራሷ መሄድ ሊሆን ይችላል።

ሰው ለምን ጀምሮ ያቋርጣል?

ብዙውን ጊዜ በስንፍና ተደርጎ ይወሰዳል፤ በዚህ ጽሑፍ አቋም ግን ስንፍና ከምክንያቶቹ ትንሹ ነው። ሰው የሚያቋርጠው እንቅስቃሴውን ከዕለት ኑሮው ውጭ፣ ለብቻው የሚቆም ተጨማሪ ሥራ አድርጎ ስለሚጀምረው ነው። ውጤቱን በሰማ ሳምንት የስፖርት ቱታ ይገዛል፣ ከንጋቱ 11 ሰዓት ይነሣል፣ ከዐሥር ዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ሶምሶማ ይሮጣል። በሦስተኛው ቀን ባቱ ተሳስሮ ደረጃ መውረድ ያቅተዋል። በሁለተኛው ሳምንት ዘመድ ይሞትና ሦስት ቀን ለቅሶ ቤት ይቀመጣል፤ ከዚያ በኋላ የሚመልሰው ነገር አይኖርም። እዚህ ላይ የተበላሸው የሰውየው ፈቃድ አይደለም፣ አጀማመሩ ነው፤ ለለቅሶ፣ ለሰርግ፣ ለክረምት፣ መንገድ ለሚዘጋበት ቀን ቦታ ያልተተወለት ዕቅድ በመጀመሪያው መሰናክል ይወድቃል።

ሁለተኛው ምክንያት የሰው አስተያየት ነው። በአካባቢያችን ሞላ ማለት የድሎት ምልክት ተደርጎ ለረጅም ጊዜ ስለተቆጠረ፣ አራት ኪሎ የቀነሰ ሰው «ምነው ከሳህ? ምን ነካህ?» መባሉ አይቀርም። ጥያቄው ከፍቅር የመጣ ቢሆንም፣ ሰውየው በሌላ በሽታ እንዳይጠረጠር ፈርቶ ወደ ቀድሞው ይመለሳል። «ስኳር አለብኝ» ማለትን የሚሸሽም ብዙ ነው፤ ደብቆ የሚንቀሳቀስ ሰው ደግሞ የሚያግዘው አያገኝም።

ሦስተኛው፣ ውጤቱ ቶሎ አለመታየቱ ነው። ክኒን የዋጠ ሰው ዋጥኩ ብሎ ያርፋል፤ የተራመደ ሰው ግን ነገም መራመድ አለበት፣ ኤችቢኤዋንሲውም ከሦስት ወር በፊት ቢለካ ብዙ አይነግረውም።

ታዲያ ምን ይረዳል?

አዲስ ሰዓት ከመፈለግ ይልቅ ቀድሞ ባለው ልማድ ላይ ማያያዝ ከሁሉም በላይ ይረዳል። ማለዳ ኪዳን ለማድረስ ወይም ለሱብሂ ሶላት የሚወጣ ሰው ቀድሞውንም ተነሥቷል፣ ለብሷል፣ ከቤት ወጥቷል፤ ሲመለስ መንገዱን በሃያ ደቂቃ ማርዘም ከዜሮ ከመጀመር እጅግ ይቀላል። ወደ ሥራ በባጃጅ የሚሄድ ሰው ሁለት ፌርማታ ቀድሞ መውረድ ይችላል። ምሳውን በልቶ ወዲያው የሚያንቀላፋ ሰው ከማንቀላፋቱ በፊት ዐሥራ አምስት ደቂቃ ቢራመድ፣ የደም ስኳር ከምግብ በኋላ ከፍ የሚልበትን ሰዓት በትክክል ያገኘዋል። ለቅድመ ስኳር ከምግብ በኋላ ያለችው ይህች አጭር ጉዞ ከሚገባት ያነሰ ትኩረት የተሰጣት ናት።

ሁለተኛው አጋዥ ሰው ነው። «12 ሰዓት ተኩል በር ላይ እጠብቅሃለሁ» ያለ ጎረቤት ካለ፣ ያልተነሣ ሰው የሚቀርበት እንቅስቃሴው ብቻ ሳይሆን ቃሉም ነው። በአንድ ዕድር ውስጥ ያሉ ሦስት አራት ሰዎች፣ ባልና ሚስት፣ እናትና ልጅ አብረው ወክ ሲያደርጉ የሚቆዩት ብቻቸውን ከሚወጡት ይልቅ ነው። የሚያሾፍ ጓደኛ ግን ባይኖር ይሻላል።

በስልክ ላይ ያለው የእርምጃ ቆጣሪ ለአንዳንዱ ጥሩ ማበረታቻ ነው። ስልኩ የማይቆጥርለት ሰው በግድግዳ ቀን መቁጠሪያ ላይ የተራመደበትን ቀን በእስክሪብቶ ቢያከብ ያው ሥራ ይሠራል፤ እንዲያውም የቤተሰቡ ሁሉ ዓይን ያርፍበታል።

በባሕር ዳር ውስጥ የት ልንቀሳቀስ? ውሻው፣ ሙቀቱ፣ ትንኙስ?

ከተማዋ ሜዳማ መሆኗ ትልቅ ጸጋ ነው፤ ጉልበቱን የሚያመው ሰውም ሆነ ጀማሪ ዳገት ሳይገጥመው ሊራመድ ይችላል። ዘንባባ የተተከለባቸው ሰፊ መንገዶችና የጣና ዳር የእግረኛ መንገድ ለዚህ ምቹ ናቸው። በ2016 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ የዓባይ ድልድይ 380 ሜትር ርዝመት ስላለው፣ ሦስት ጊዜ ደርሶ መልስ የተራመደ ሰው ከሁለት ኪሎ ሜትር በላይ ሄዷል፣ በፈጠነ እርምጃም ግማሽ ሰዓት ገደማ ይወስድበታል፤ መቁጠሩ ቀላል በመሆኑ ርቀት መገመት ለሚቸገር ሰው ጥሩ መለኪያ ነው። ጥቂት ወራት ልምድ ያለውና ልቡ ጤናማ የሆነ ሰው ወደ ቤዛዊት ተራራ ቢወጣ ሌላ ዓይነት ሥራ ያገኛል። ብስክሌትም መረሳት የለበትም፤ ባጃጅ ሳይበዛ በፊት የባሕር ዳር ሰው ሥራውንም ገበያውንም የሚያደርሰው በእሱ ነበር፣ ለጉልበትም ከሩጫ ይልቅ ይራራል።

እንቅፋቶቹን በየወቅታቸው ማየት ይሻላል። በመጋቢትና በሚያዝያ የቀኑ ሙቀት ወደ 30 ዲግሪ ስለሚጠጋ ከጠዋቱ 3 ሰዓት በፊት መጨረስ ተገቢ ነው። ጎሕ ሳይቀድ መውጣት ግን የመንጋ ውሻ አደጋ አለው፤ ፀሐይ ወጥታ፣ ሰው በመንገድ ላይ ሲበዛ መጀመር በቂ ነው። በክረምት መንገዱ ሲጨቀይ በበረንዳ ላይ መመላለስ፣ ባሉበት እግር እያነሡ መርገጥ፣ በመሥሪያ ቤት ደረጃ መውጣትና መውረድ ቀኑን ያድናል። ከዝናቡ ማብቂያ ጀምሮ እስከ ኅዳር ወባ ስለሚበረታ ከመሸ በኋላ በሐይቁ ዳር መቆየት አይመከርም። በጸጥታ ምክንያት የምሽት እንቅስቃሴ በሚገደብበት ጊዜም ጉዞውን ወደ ጠዋት ወይም ወደ ምሳ ሰዓት ማዞር፣ አለበለዚያ በግቢ ውስጥ መጨረስ ይቻላል፤ ለደኅንነት የሚያሰጋ የእግር ጉዞ ለጤና ተብሎ አይደረግም።

በጣና መዋኘትን የሚጠይቁም አሉ። ዋና ራሱ ግሩም እንቅስቃሴ ቢሆንም፣ በሐይቁ ዳርቻ ቢልሃርዝያ ስለሚገኝ፣ ጉማሬም ስላለ፣ ለዚህ ዓላማ ሐይቁን አንመክርም።

ሴት ነኝ። ቱታ ለብሼ መንገድ ላይ ስሮጥ ሰው ምን ይለኛል? ቤቱንስ ማን ይጠብቅልኛል?

ለመጀመሪያው ጥያቄ መልሱ ቀላል ነው፦ ቱታም ሩጫም አያስፈልግም። ሰፋ ያለ ቀሚስ፣ ነጠላ፣ እግር የማይልጥ ሸራ ጫማ ይበቃል፤ ፈጠን ብላ የምትራመድን ሴት ጉዳይ ያላት እንጂ ስፖርት የምትሠራ ብሎ የሚያያት የለም። ነጠላ ጫማ ግን ለረጅም ጉዞ አይሆንም፣ ተረከዝን ያሳምማል፤ አንድ ነገር መግዛት ካስፈለገ ጫማው ይቅደም።

ሁለተኛው ጥያቄ ከበድ ይላል። ቁርስ የምታቀርበው፣ ልጅ ወደ ትምህርት ቤት የምትሸኘው፣ እንግዳ የምትቀበለው እሷ ከሆነች፣ «ለራስሽ ሠላሳ ደቂቃ ስጪ» የሚለው ምክር ከማን እንደሚወሰድ ሳይነገር የተሰጠ ምክር ነው። ስለዚህ ጉዳዩ የእሷ ጽናት ብቻ ሳይሆን የቤቱ አሠራር ነው። ባል ወይም ትልቅ ልጅ በሳምንት አራት ጠዋት ቤቱን ለግማሽ ሰዓት ቢረከብ፣ ከማንኛውም የማበረታቻ ንግግር የበለጠ ይጠቅማታል። ይህ እስኪሆን ድረስ ልጁን በእግር ሸኝቶ በሌላ መንገድ ዞሮ መመለስ፣ ወደ ገበያ ስትሄድ በእግር ሄዳ ዕቃ ተሸክማ ስትመለስ በባጃጅ መምጣት ይቻላል። በእርግዝና ጊዜ ስኳሯ ከፍ ብሎ ከወሊድ በኋላ የወረደላት እናት በኋላ ስኳር ሕመም የመያዝ ዕድሏ ከሌሎች የበለጠ ስለሆነ፣ ቤተሰቡ ይህን እንዲያውቅ መንገር ይገባል።

ጂም መግባት አለብኝ? ክብደት ማንሣትስ?

ጂም ግዴታ አይደለም፤ ጡንቻን ማጠንከር ግን ከእግር ጉዞው ጋር በሳምንት ሁለት ቀን ቢታከል ጥሩ ነው፣ ስኳሩን የሚያስቀምጠው ጡንቻ ነውና። ከወንበር ላይ እጅ ሳይደግፉ ዐሥር ጊዜ ብድግ ቁጭ ማለት፣ ግድግዳ ተደግፎ ፑሽ አፕ መሥራት፣ ሁለት ሁለት ሊትር ውኃ የሞላባቸውን የሃይላንድ ኮዳዎች ማንሣት ለጀማሪ በቂ ነው። ትንፋሽ አምቆ መግፋት ግፊትን ስለሚጨምር በሚያነሡበት ጊዜ መተንፈስ ያስፈልጋል።

በጾም ጊዜ ብንቀሳቀስ ያዞረኛል? ስግደትስ እንደ እንቅስቃሴ ይቆጠራል?

ኢንሱሊን ወይም እንደ ግሊቤንክላማይድ ያለ ስኳርን በኃይል የሚያወርድ መድኃኒት የማይወስድ፣ ቅድመ ስኳር ብቻ ያለበት ሰው እየጾመ በመራመዱ ስኳሩ አደገኛ በሆነ ደረጃ መውረዱ ብርቅ ነው። ማዞሩ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከውኃ እጥረት ነው። እስከ 9 ሰዓት ምንም ሳይቀምስ የሚቆይ ሰው ከባዱን እንቅስቃሴ ወደ ጎን ትቶ፣ ጾሙን ከፈታ በኋላ ያለችውን የዐሥራ አምስት ደቂቃ ጉዞ ቢይዝ ይበጀዋል፤ የጾም ገበታችን በእንጀራ፣ በዳቦ፣ በፓስታና በድንች የተሞላ በመሆኑ ከመብል በኋላ ያለው እንቅስቃሴ በጾም ወራት የበለጠ ያስፈልጋል። ለረመዳን ጾመኛም ከኢፍጣር በኋላ ያለው ሰዓት በዚሁ መንገድ ይሠራል።

ስግደት የሚደረገው ለጤና ተብሎ አይደለም፣ እንደ ስፖርት እንዲታይም አንፈልግም። በሰውነት ላይ የሚያደርገውን ብቻ ከተጠየቅን ግን፣ መውደቅና መነሣቱ የጭንና የወገብ ጡንቻን በደንብ ያሠራል፣ ትንፋሽም ይጨምራል። ሁለት ነገር ልብ ይባል። ዓመቱን ሙሉ ያልሰገደ ሰው በስቅለት ዕለት ብቻ ብዙ ሲሰግድ ጉልበቱና ግፊቱ ይፈተናል፤ ከጾሙ መጀመሪያ ጀምሮ ጥቂት በጥቂት መልመድ ይሻላል፣ ለሕመምተኛ የሚፈቀደውንም የንስሐ አባት ያውቃሉ። ሌላው የሚዘነጋው፣ ከፋሲካ በኋላ ባሉት ኀምሳ ቀናት ስግደት የለም፤ ሥጋው፣ ቅቤውና ጠላው ግን ተመልሷል። በጾሙ 55 ቀናት የተገኘው ብዙ ጊዜ የሚጠፋው በእነዚህ ሳምንታት ስለሆነ፣ የእግር ጉዞውን በትንሣኤ ማግስት ማጠንከር ይገባል።

ግፊት አለብኝ፣ ጉልበቴንም ያመኛል። ልጀምር ወይስ ልተው?

አብዛኛው ግፊት ያለበት ሰው መራመድ ይችላል፣ ግፊቱንም ይረዳዋል። ነገር ግን ሲራመድ ደረቱን የሚጨመድደው፣ ከአቅም በላይ ትንፋሽ የሚያጥረው፣ ራሱን ስቶ የሚያውቅ፣ ልቡ ያለ ምክንያት የሚደልቅበት፣ ወይም ግፊቱ በመድኃኒት ያልተቆጣጠረለት ሰው ከመጀመሩ በፊት ሐኪም ማየት አለበት።

የጉልበት ሕመም ብዙ ጊዜ ለመተው ሰበብ ይሆናል፤ ሙሉ በሙሉ መቀመጥ ግን የጭን ጡንቻን አሳስቶ ሕመሙን ያብሳል። በሜዳ ላይ አጭር ጉዞ፣ ብስክሌት፣ ወንበር ላይ ተቀምጦ እግርን እያነሡ መዘርጋት ይቻላል። በማግስቱ የሚቆይ ዕብጠት ወይም እየባሰ የሚሄድ ሕመም ካመጣ መጠኑን መቀነስና መመርመር ነው።

ከተንቀሳቀስኩ በኋላ ስለካ ስኳሬ ጨምሮ ተገኘ። እንዴት ነው?

ይህ ብዙ ሰው ተስፋ የሚቆርጥበት ቦታ ነው። ኃይለኛ ሩጫ ወይም ከባድ ክብደት ሲያጋጥም ሰውነት አድሬናሊን ስለሚለቅቅ ጉበት ያጠራቀመውን ስኳር ወደ ደም ይለቃል፤ ጭማሪው ጊዜያዊ ነው፣ ከአንድ ሁለት ሰዓት በኋላ ይወርዳል። የምግብ ሰዓት፣ እንቅልፍ ማጣት፣ ጉንፋን፣ ጭንቀትም ውጤቱን ያናውጡታል። ከጨረሱ በኋላ ለስላሳ መጠጥ ወይም ሦስት ማንኪያ ስኳር ያለበት ሻይ «ጉልበት ለመተካት» የጠጣ ሰው ደግሞ መልሱን በእጁ ይዟል፤ ለግማሽ ሰዓት ጉዞ ውኃ ይበቃል።

የበለጠ የሚያደናግረው የባዶ ሆዱ ቁጥር ለወራት አለመነቃነቁ ነው። የጠዋቱን ስኳር በዋናነት የሚወስነው ሌሊቱን ጉበት የሚለቀው ስኳር ሲሆን፣ እንቅስቃሴ በፍጥነት የሚያሻሽለው ግን ጡንቻ ከምግብ በኋላ የሚወስደውን ነው። ስለዚህ ጠዋት 108 የነበረ ሰው ከሦስት ወር በኋላም 107 ሊያገኝ፣ ከምሳ በኋላ ያለው ስኳሩ ግን በደንብ ወርዶ ሊሆን ይችላል። ኤችቢኤዋንሲ ሁለቱንም ስለሚያካትት የተሻለ ዳኛ ነው፤ የብረት እጥረት የደም ማነስ በውሸት ከፍ እንደሚያደርገው፣ ቀይ የደም ሕዋስን የሚያፈርስ ሕመም፣ ለምሳሌ በቅርቡ የያዘ ወባ፣ ዝቅ እንደሚያደርገው ግን ለሐኪሙ መንገር ያስፈልጋል።

ሦስት ወር ተራመድኩ፣ ክብደቴ ግን አልቀነሰም። በከንቱ ነው የደከምኩት?

አይደለም። ከላይ የተነገረው የጡንቻ ለውጥ ሚዛን ሳይንቀሳቀስም ይመጣል፤ በሆድ ዕቃ ዙሪያ ያለው ስብ ከጠቅላላው ክብደት ቀድሞ ስለሚቀንስ፣ ቀበቶ አንድ ቀዳዳ መግባቱ ሚዛን ያልተናገረውን ይናገራል። ክብደትን ለመቀነስ ግን መራመድ ብቻውን ደካማ መሣሪያ መሆኑን በግልጽ መናገር ይሻላል፤ የግማሽ ሰዓት ጉዞ ያቃጠለውን አንድ ጠርሙስ ለስላሳ ይመልሰዋል። ክብደቱ ከመጠን በላይ የሆነ ሰው 7 በመቶውን የሚያገኘው ከገበታው ላይ ነው፣ እንቅስቃሴው ደግሞ የተቀነሰው እንዳይመለስ ይጠብቃል።

ሜትፎርሚን ታዝዞልኛል፤ ስኳሬም ወደ ጤናማው ወርዷል። አሁን እንቅስቃሴውን ወይም ክኒኑን ልተው?

ክኒኑን በራስ ውሳኔ ማቆም ተገቢ አይደለም፤ ውጤቱን ይዞ ያዘዘውን ሐኪም መጠየቅ ነው፣ በብዙ ሰው ላይም መጠኑ ሊቀነስ ወይም ሊቆም ይችላል። ሜትፎርሚን ብቻውን ሲወሰድ በእንቅስቃሴ ጊዜ ስኳርን አደገኛ በሆነ ደረጃ አያወርድም፤ ስለዚህ «ክኒን ላይ ስለሆንኩ አልራመድም» የሚለው ስጋት መሠረት የለውም።

እንቅስቃሴው ከተተወ ግን ጡንቻው በቀናት ውስጥ ወደ ቀድሞ ጠባዩ መመለስ ይጀምራል፤ ወደ ጤናማው የወረደው ቁጥር የቆመው በእሱ ላይ ነው። ሠላሳው ደቂቃ የከበደው ሰው ወደ ሃያ ዝቅ ማድረግ፣ ቀኑን መቀየር፣ አንድ ሳምንት ቢያመልጠው ካቆመበት መቀጠል ይችላል። ስኳሩ ጤናማ ልክ ላይ ቢደርስም ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ መመርመር አለበት፤ ለንጽጽር እንዲመች በዚያው ዓይነት ምርመራ፣ ቢቻል በዚያው ላቦራቶሪ ይሁን፣ የቀድሞውንም ወረቀት ይዞ መሄድ አይረሳ።